መልቀቅ ያቃተኝ ዕለት

ይህን ታሪክ ልጽፍ ደጋግሜ ተነሥቼ ደጋግሜ ትቼዋለሁ። ስለ ሽንትና ስለ መቀመጫ የሚያወራ ጽሑፍ ማን ያነባል ብዬ ነው። በመጨረሻ ባለቤቴ ረውዳ «አንተ ካልጻፍኸው እኔ እጽፈዋለሁ» አለችኝ። የሷ ከኔ ይልቅ ደፋር እንደሚሆን ስለማውቅ ብዕሩን እኔው አነሣሁት።

ሰይድ እባላለሁ። ትውልዴ ወረታ ነው፤ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለኝ፤ ቤታችን ሹም አቦ ሰፈር ነው። ነገሩ ሲደርስብኝ የሠላሳ ሰባት ዓመት ሰው ነበርሁ። ጤነኛ እመስላለሁ፤ የጣቃ ጨርቅ ተሸክሜ መሰላል እወጣለሁ። ስቀመጥ ብቻ ነበር የሚገለጥብኝ።

የሚያመኝ ከብልትና ከፊንጢጣ መካከል ያለው ቦታ ነው። ወንበር ላይ ስቀመጥ ሎሚ የሚያህል ጠጠር ከሥሬ ያስቀመጡብኝ ይመስለኛል። ሽንቴ ይቆራረጣል፤ ጨረስሁ ብዬ ስወጣ እንደገና ይመጣብኛል። ሱቅ ውስጥ ቆሜ መዋል ጀመርሁ። መስጂድ ስሄድ ግንባር መሬት ከሚነካበት ከሱጁድ ተነሥቶ መቀመጡ ፈተና ሆነብኝ። ጁምዓ የኢማሙን ስብከት፣ ኹጥባውን፣ ከኋላ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ስሰማ፣ ሰው «ሰይድ ምነው፣ ሊወጣ የቸኮለ ይመስላል» ይለኝ ነበር። እኔም ሱቁን ሰበብ አደርጋለሁ።

ሐኪም አላየህም እንዳትሉኝ። አንዱ ጋ ስሄድ ኢንፌክሽን ነው ተባልሁ፤ ሌላው ጋ ፕሮስቴት ነው ተባልሁ። በሁለቱም መድኃኒት ወሰድሁ፤ ትንሽ የተሻለኝ ይመስልና ይመለሳል። አንድ ጊዜ ደግሞ መድኃኒቱን ያዘዘልኝ ሰው «ለጥንቃቄ ባለቤትህም ትውሰድ» አለኝ። ይህች «ለጥንቃቄ» የምትባል ቃል ቤቴን ልታፈርስ ደርሳ ነበር።

ረውዳ ክኒኑን መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። «እኔ ምን ሆንሁ ብዬ ነው የምውጠው?»

«ሐኪሙ ነው ያለው።»

«ሐኪሙ ምን አይቶ?»

ውኃውን አቀበልኋት። እሷም ሌላ ሳትጨምር ዋጠችው። ከዚያ በኋላ ግን ትንሿ ልጃችን በመካከላችን መተኛት ጀመረች። ረውዳ ምሳዬን ታቀርባለች፤ ልብሴን ታዘጋጃለች፤ ዓይኔን ግን አታይም። እኔም ምንም እንዳላደረግሁ ለመማል አፌን ስከፍት፣ ያልተከሰሰ ሰው ለምን ይምላል ብዬ እዘጋዋለሁ።

እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ እያለን ታናሽ ወንድሜ ጀማል ከጣና ሐይቅ ማዶ ደልጊ ላይ ሊያገባ ሆነ። አባታችን ካለፉ በኋላ የቤቱ ታላቅ እኔ ነኝ። ኒካሁ ሲታሰር ከልጅቱ አባት ፊት ለፊት ተቀምጦ ስለ ወንድሜ የሚናገረው እኔ ነኝ። በመኪና ዙሪያውን መሄድ ስለ ከበደን፣ ባለ ሞተር ጀልባ ተከራይተን ጧት ከባሕር ዳር ተነሣን። ሴቶቹ ከፊት፣ ወንዶቹ ከኋላ ሆነን በእንጨት አግዳሚ ላይ ተደረደርን።

እኔ ቆሜ ልሄድ ነበር ሐሳቤ። ጀልባ ነጂው ግን «ጋሼ ይቀመጡ፤ ቆመው አይሆንም» አለኝ። ተቀመጥሁ። ሐይቁ ጧት ላይ ጸጥ ያለ ነበር፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ግን ነፋስ ተነሣ። ጀልባዋ ሞገዱን በረገጠች ቁጥር አግዳሚው ከሥር ይመታኛል። እኔም ጥርሴን ነክሼ፣ እግሬን አጥብቄ፣ አንድ ጎኔን አንሥቼ እሄዳለሁ። ሙቀት ስለ ነበር ውኃ ብዙ ጠጥቻለሁ።

ደቅ ደሴትን እያለፍን ሳለ ሽንቴ መጣ። ወንዶቹ ከጀልባዋ ጫፍ ሄደው ይሸኑ ነበር። ጀማል ጋቢውን ዘርግቶ ከለለኝ። ቆምሁ። ምንም የለም።

«ጨረስህ?» አለኝ ጀማል ፊቱን አዙሮ።

«ቆይ።»

ውኃው ከሥራችን ይፈሳል፤ የኔ ግን ጠብ አይልም። ሆዴ ተወጥሯል፤ ሽንቱ እዚያው በር ላይ ነው፤ በሩ ግን አይከፈትም። አማጥሁ፤ ባማጥሁ ቁጥር ይብስ ተዘጋ። ጀማል እጁ ደከመው። «ሰው እያየ አልወጣ ብሎኝ ነው» ብዬ ስቄ ተመለስሁ። ጥቂት ቆይቼ እንደገና ሞከርሁ፤ ያው ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ በደንብ አላስታውሰውም። ላብ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ የሰርግ ዘፈን ከፊት ይሰማኛል፤ የደልጊ ዳርቻ በሩቁ እንደ ቀጭን መስመር ይታያል፤ ግን አይቀርብም።

ረውዳ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ፣ የሰዉን ትከሻ እየያዘች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም።»

«ሰይድ፣ ፊትህ አመድ መስሏል።»

«ሽንቴ እምቢ አለኝ» አልኋት በጆሮዋ።

ለብዙ ወራት ያላየችውን ዓይኔን አየችው። ቀጥላ የያዘችውን ነጠላ አጥፋ ከሥሬ አደረገችልኝና ወደ ነጂው ዞራ፣ «ወንድሜ፣ ቶሎ አድርሰን፤ ሰው ታሟል» አለችው። ዘፈኑ ቆመ።

ደልጊ እንደ ደረስን ጀማልና ረውዳ ደግፈው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ነርሱ ሆዴን ነካ አድርጎ ወዲያው ቱቦ አዘጋጀ። ቱቦው ሲገባ የተሰማኝን ልናገር አልችልም፤ ሽንቱ ሲወርድ የተሰማኝን እፎይታ ደግሞ ጠላቴም ቢያገኘው አልቀናም። ነርሱ ከረጢቱ ሲሞላ እያየ «በጥሩ ጊዜ ደርሰሃል» አለኝ። ቱቦው ሳይወጣ ባሕር ዳር ሄጄ ትልቅ ሆስፒታል እንድታይ አስጠነቀቀኝ።

«ዛሬ ግን ኒካህ አለብኝ» አልሁት።

«ቱቦው እንዳይሳብ ጠንቀቅ እያልህ መቀመጥ ትችላለህ።»

ረውዳ ከረጢቱን ጭኔ ላይ በሻሽ አሰረችልኝ፤ በላዩ ሰፊ ሽርጥ አገለደመችልኝ። እንደዚያ ሆኜ ከልጅቱ አባት ፊት ተቀመጥሁ። እጃቸውን ጨብጬ ማለት ያለብኝን ሁሉ አልሁ፤ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። ሰዉ የሚያውቀው የጀልባ መንገድ እንዳመመኝ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ተመልሰን ባሕር ዳር ሆስፒታል ገባን። የመረመረኝ ሐኪም ረጋ ያለ ሰው ነበር። የቀድሞ ውጤቶቼን አንድ በአንድ አየ፤ ሽንቴን አስመረመረ፤ አልትራሳውንድ አደረገልኝ።

«የዘጋ ነገር የለም» አለኝ። «ፕሮስቴትህ እንደ ዕድሜህ ነው፤ ኢንፌክሽንም አላየሁም። በሩ አልተበላሸም፤ በረኛው ነው አልከፍትም ያለው። ቱቦውን አሁን አወጣዋለሁ። ውኃ ጠጣ። እስከ ከሰዓት በኋላ ራስህ ከሸናህ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ፤ ካልሸናህ ቱቦው ይመለሳል። እስከዚያው ፊዚዮቴራፒ ክፍል ሂድ፤ የዳሌ ወለል ጡንቻ የምታክም ባለሙያ አለች።»

«ዶክተር፣ እግሬን እኮ አላመመኝም።»

«ለእግር ብቻ አይደለም» አለና ወረቀቱን ሰጠኝ።

ፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ደጃፍ ላይ የተቀመጡት ከአንድ ሽማግሌ በቀር ሴቶች ነበሩ። ተራችን ሲደርስ የተቀበለችን ሰላማዊት የምትባል ወጣት ባለሙያ ናት። መጋረጃውን ዘጋች፤ ወረቀቱን አነበበች። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ።

«ወንድ ሐኪም የለም?» አልሁ በመጨረሻ።

«አለ፤ ግን ዛሬ እዚህ ሥራ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። በእጄ አልነካዎትም፤ ልብስም አያወልቁም። ባለቤትዎም አብረውን ይቀመጣሉ። ይስማማል?»

ረውዳ «ይስማማል» አለች ከኔ ቀድማ።

ሰላማዊት ብዙ ጠየቀችኝ። እንዴት እንደምቀመጥ፣ ሱቅ ውስጥ ሽንቴ ሲመጣ ምን እንደማደርግ፣ ሽንት ቤት ስገባ አምጥ እንደሆን። ሱቁን ጥሎ መውጣት ስለማይመች ይዤ እንደምውል ነገርኋት። ከዚያ፣ «መጀመሪያ ያመመዎት መቼ ነው?» አለችኝ። ይህን ሌሎቹም ጠይቀውኝ ያውቃሉ፤ እኔም ወሩን ነግሬ አልፋለሁ። እሷ ግን «በዚያ ሰሞን ምን ይመስል ነበር ኑሮዎ?» ብላ ጨመረች።

ያን ጊዜ ነው ያስታወስሁት። ከተማው ያልተረጋጋበት ሰሞን ነበር። አንድ ቀን ሱቄን እንደ ከፈትሁ ተኩስ ተሰማ። መዝጊያውን ከውስጥ ስቤ፣ ከጨርቆቹ መካከል ጉልበቴን አቅፌ ዋልሁ። ስልክ አይሠራም፤ ረውዳና ልጆቹ የት እንዳሉ አላውቅም። ማምሻውን ጸጥ ሲል ወጥቼ ቤት ስደርስ ሁሉም ደኅና ነበሩ። ከዚያ በኋላ ያን ቀን አንሥተን አውርተን አናውቅም። ሕመሙ የጀመረኝ ከዚያ ወዲህ ነው።

«እንግዲህ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ብዬ አልምልም» አለች ሰላማዊት። «ሰው ሲፈራ ግን ትከሻው እንደሚወጠር ሁሉ ይህም ጡንቻ ይወጠራል። አሁን እባክዎ እጅዎን ይጨብጡ። ጠበቅ ያድርጉት። እኔ እስክልዎት አይልቀቁ።»

ጨበጥሁ። እሷ ወሬዋን ቀጠለች። ከፊት ካለው አጥንት ጀምሮ እስከ ጭራ አጥንት ድረስ እንደ ጎድጓዳ ሳህን የተዘረጋ ጡንቻ እንዳለ፣ ፊኛንና አንጀትን ከሥር የሚደግፈው እሱ እንደሆነ፣ ሽንት ስንይዝ እንደሚጠብቅ፣ ስንሸና ደግሞ መላላት እንዳለበት ነገረችን። አንዳንድ ሰው ጋ ይህ ጡንቻ ይደክማል፤ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ከመጠን በላይ ይጠብቅና መላላት ይረሳል።

«እጅዎስ እንዴት ነው?»

«ዝሏል። ያመኛል።»

«በሽታ ይዞት ነው?»

«አይ።»

«ይልቀቁት።»

ጣቶቼ ወዲያው አልተከፈቱም። ቀስ እያሉ ተዘረጉ።

ረውዳ ሻርፗን አስተካከለችና «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «ይህ ነገር ከሌላ ሰው አይመጣም? ከሌላ ሴት ማለቴ ነው።»

ሰላማዊት እኔን አየችኝ፤ ራሴን ነቅንቄ ፈቀድሁላት።

«የጡንቻ መወጠር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም» አለቻት። «የምርመራውን ውጤት ሁሉ አይቼዋለሁ፤ ተላላፊ በሽታ የሚያሳይ ነገር የለበትም። መድኃኒቱን ለሁለታችሁም ያዘዘው ሰው በግምት ነው ያዘዘው።»

ረውዳ አቀረቀረች። የቀሚሷን ጫፍ በጣቷ ስትጠቀልል፣ ስትፈታ፣ ስትጠቀልል አየኋት።

ሰላማዊት በጎኔ አስተኛችኝ፤ ጉልበቴን አጥፌ። ከዚያ «ወይዘሮ ረውዳ፣ ይምጡ» አለች። «ዛሬ እጁ የርስዎ ነው። በሽርጡ ላይ የመቀመጫውን አጥንት ይፈልጉ። አገኙት? ከሱ ወደ ውስጥ ትንሽ ገባ ብለው በጣትዎ ጫን ያድርጉ።»

የረውዳ እጅ ነካኝ። እዚያ ቦታ ላይ የሰው እጅ ሲያርፍብኝ ዘልዬ ልነሣ ምንም አልቀረኝም።

«ምን ይመስላል?» አለቻት ሰላማዊት።

«እንጨት ነው» አለች ረውዳ በዝግታ። «ደረቅ እንጨት።»

«አቶ ሰይድ፣ ይልቀቁት።»

«ለቅቄዋለሁ።»

«አልለቀቀም» አለች ረውዳ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝ ድንጋጤ ነበር። እኔ የለቀቅሁት መስሎኝ ነበር። ሰውነቴ ስንት ጊዜ ሲይዝ እንደኖረ አላውቅም፤ የያዝሁትም የለቀቅሁትም አንድ ዓይነት ስሜት ሆኖብኛል።

«እሺ፣ በግድ አይልቀቁት» አለች ሰላማዊት። «በአፍንጫዎ አየር ያስገቡ፤ ደረትዎን ሳይሆን ሆድዎን ይሙሉት። አየሩ ወደ ታች እስከ መቀመጫዎ ድረስ ሲወርድ ያስቡት። ሲያስወጡ ምንም አይሥሩ። ዝም ብለው ይተዉት።»

ተነፈስሁ። ምንም የለም። እንደገና ተነፈስሁ። መንጋጭላዬን እንደ ነከስሁ ነገረችኝ፤ አላላሁት። የእግሬን ጣት እንደ ጨበጥሁ ነገረችኝ፤ ዘረጋሁት። ስንተኛው ትንፋሽ ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ ከሥሬ አንድ ነገር እንደ ሊጥ ተንሸራቶ ወረደ።

«ሄደ» አለች ረውዳ። «ዶክተር፣ ከጣቴ ሥር ሄደ። ለሰለሰ።»

ድምፅዋ ተለወጠብኝ። ዞሬ ሳያት ታለቅሳለች። እጇን ግን አላነሣችም።

ሥራው ገና አላለቀም ነበር። ሰዓቱ ደርሶ ፊኛዬ ሞልቷል። ሰላማዊት እንደ ሴት ተቀምጬ እንድሸና፣ እንዳላምጥ፣ ክርኔን ጉልበቴ ላይ አሳርፌ እንደ ተማርሁት እንድተነፍስ ነግራ ላከችኝ። ሽንት ቤት ገብቼ ቁጭ አልሁ። ከውጭ ረውዳ ቆማለች። መጀመሪያ ምንም አልመጣም። ፍርሃቱ ተመልሶ ሊይዘኝ ሲል የእጇን ቦታ አሰብሁ፤ ለሰለሰ ያለችውን። ሆዴን ሞልቼ ተነፈስሁ። ጠብ አለ። ቆመ። ደግሞ ተነፈስሁ። ከዚያ ወረደ፤ ሳይቆራረጥ ወረደ።

«አልሃምዱሊላህ» የሚል ድምፅ ከበሩ ውጭ ሰማሁ። ለካ የሽንቴ ድምፅ እስከ ውጭ ይሰማል። አላፈርሁም።

በዚያው ቀን ተፈወስሁ ብላችሁ እንዳታስቡ። ቱቦው ግን አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ለወራት ወደዚያ ክፍል ተመላልሻለሁ። ውስጣዊውን ምርመራ ወንድ ባልደረባዋ አደረገልኝ፤ የተቋጠረውን ጡንቻ በጣቱ እየፈለገ አላላልኝ። ቤት ውስጥ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ መቀመጥ፣ በየማታው መተንፈስና ጭኔን መሳብ፣ ሽንቴን ይዤ አለመዋል ተማርሁ። ሕመሙ የሚመለስባቸው ሳምንታት ነበሩ፤ በተለይ ከተማው ሲረበሽ። አሁን ግን ሲመጣ አውቀዋለሁ፤ ምን እንደማደርገውም አውቃለሁ። መስጂድ ቁጭ ብዬ ኹጥባ እሰማለሁ።

የዕለቱን ትልቁን ነገር ግን እስካሁን አልነገርኋችሁም።

ከሽንት ቤት ወጥቼ ሰላማዊትን ልናመሰግናት ስንመለስ፣ ረውዳ በሩ ላይ ቆም አለች። «ዶክተር፣ የደከመ ጡንቻም አለ ብለሽ ነበር» አለቻት። «ሴት ስታስነጥስና ስትስቅ የሚያመልጣት ከሆነ፣ እሱ ነው?»

«ከወሊድ በኋላ ነው የጀመረዎት?»

«ከሁለተኛው ልጅ በኋላ።»

ሁለተኛው ልጃችን ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። እኔ ቆሜ እሰማለሁ። ለሶላት ታጥባ ውዱ አድርጋ ሳለ ካመለጣት እንደ ገና እንደምትታጠብ፣ ገበያ ስትሄድ ሽንት ቤት ያለበትን መንገድ መርጣ እንደምትሄድ፣ ከጓደኞቿ ጋ ስትቀመጥ እንዳትስቅ እንደምትጠነቀቅ ነገረቻት። «ሴት ሁሉ እንደዚህ ይመስለኝ ነበር» አለች። ረውዳ ስትታጭልኝ እኅቶቼ የነገሩኝ ሳቅዋን ነበር። ሳቅዋ ሲጠፋ ግን ኑሮ ነው፣ ልጅ ማሳደግ ነው ብዬ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

«ሴት ሁሉ እንደዚህ አይደለችም» አለቻት ሰላማዊት። «ብዙ ሴት ግን ዝም ትላለች። ማክሰኞ ይምጡ።»

ወደ ቤት በባጃጅ ሄድን። እኔ አንድ ጎኔን አንሥቼ ተቀምጫለሁ። አንድ ቦታ ላይ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት።

«አንተስ?» አለችኝ።

ከዚህ የተማርሁትን በአጭሩ ልንገራችሁና ላብቃ። ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ ተደጋጋሚ መድኃኒት ወስደህ ምርመራህ ንጹሕ ሆኖ ሥቃዩ ካልለቀቀህ፣ «ጡንቻው ይሆን?» ብለህ ሐኪምህን ጠይቀው። አንቺም እኅቴ፣ ማምለጡን የወለደች ሴት ዕጣ ነው ብለሽ አትቀበዪው፤ የሚያክመው ባለሙያ አለ። ማፈሩን እኔ አውቀዋለሁ፤ አሁንም ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ይግላል። እኔ ግን ሐፍረቴን ጠብቄ ልቆይ ስል ሚስቴን ላጣ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ እሷም በኔ ላይ ያደረባትን ጥርጣሬ ተሸክማ በላዩ የራሷን ሥቃይ ለብቻዋ ስትሸከም ኖራለች።

ረውዳ ሕክምናዋን ጨርሳለች። የሷ ሥራ የኔ ተቃራኒ ነበር፤ እኔ ማላላት ስማር እሷ ማጥበቅ ተማረች። ማታ ማታ ምንጣፍ ላይ ጎን ለጎን ተኝተን ስንሠራ ልጆቹ ስፖርት መስሏቸው መጥተው አጠገባችን ይጋደማሉ። ባለፈው ሰሞን ጓደኞቿ ቤታችን መጥተው ነበር። እኔ ከጓዳ ሆኜ የሱቅ ጨርቅ እለካለሁ። አንዷ ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ ረውዳ ግን ሳቀች፤ ድምፅዋን ሳትቆጥብ ረጅም ሳቅ ሳቀች። መለኪያውን አስቀምጬ እስክትጨርስ ድረስ አዳመጥኋት።